ዴልማር ህሩስካና የሪቺ ካርድ

ዴልማር ህሩስካ ፖስታ ቤት በነበረ ጊዜ ማንም ሊያነበው ያልቻለ አድራሻ ሁሉ መጨረሻው የእሱ ጠረጴዛ ነበር። የሐኪም ጭረት፣ የሰካራም ጭረት፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ አሮጊት ለልጅ ልጇ የላከችው የልደት ፖስታ፣ ሁሉም ወደ ዴልማር። እሱም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና ወረቀቱን አፍንጫው ጫፍ ድረስ አስጠግቶ፣ «ይሄማ ሎሬን ከተማ ነው፤ ጸሐፊው ግራኝ ነው፣ ጠዋት ከሚስቱ ጋርም ተጣልቷል» ይላል። የሚስቱን ነገር ከየት እንዳመጣው ማንም አያውቅም። ደብዳቤው ግን ሎሬን ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ዓይን በእኛ ከተማ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ባለችው ፓርማ ውስጥ ተደብቆ አይቀርም። እኛ ሰፈር ሰው አዲስ መጋረጃ ሲሰቅል እንኳ ከመሰላሉ ሳይወርድ የት እንደገዛው ይታወቃል። ስለዚህ ዴልማር ጡረታ በወጣ በወሩ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለው የካርድ ቤት ጠራው። ካርድ ቤት ስል ቁማር ትዝ ያለው ካለ ይረጋጋ። የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶ ያለባትን መዳፍ የማትሞላ ካርቶን እያገላበጡ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ የሚሰጡበት ቤት ነው። ማዕዘኗ ደንዝዟል ወይ? ፎቶው መሐል ላይ ተቀምጧል ወይ? ፊቷ ተጭሯል ወይ? ሁለት መርማሪዎች ሳይመካከሩ ያይዋታል፣ ከተስማሙ በማይከፈት ፕላስቲክ ትታሸግና ቁጥሯ አናቷ ላይ ይለጠፋል። በዚያ ቤት ላብ የነካው ጣት ከሌባ እጅ ይብሳል።

የዴልማር ሥራ ደረጃው አልነበረም። የእሱ ፊርማው ነበር። ካርዷ ላይ የተጫዋቹ ፊርማ ካለ፣ የእውነት ተጫዋቹ ነው የፈረመው ወይስ አንዱ አጭበርባሪ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ? ይህን የሚወስነው ዴልማር ነበር። «ዓይን» ይሉታል። «ዓይን መጣ»፣ «ዓይን ምሳ ወጥቷል»። እሱም ደስ አይለኝም እያለ ደስ ይለዋል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነችው አንዲት ካርድ ናት። ዴልማር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ለኦሪን ስታድለር ደብዳቤ ጻፈ። ስታድለር ያኔ ለክሊቭላንድ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ከፍተኛ ዝና የነበረው ለሦስት ዓመት ብቻ ቢሆንም የእኛ ሰዎች እስከ ዛሬ ስሙን ሲጠሩ ኮፍያቸውን ይነካሉ። ደብዳቤው በሄደ በሁለተኛው ሳምንት የተፈረመች ካርድ መጣች። ዴልማር ትራሱ ሥር አድርጎ አንድ ክረምት ተኛባት። ካርድ ቤቱ ሲቀጥረው ይህችኑ ካርድ ይዞ ገባ፣ የቤቱም መነሻ ናሙና ሆነች። ማለትም ከየትም የመጣ የስታድለር ፊርማ ከእሷ ጎን ይቀመጣል፤ ከገጠመ ያልፋል፣ ካልገጠመ ይወድቃል። የመጀመሪያዋ ፊደል አንገቷን እንደ ዳክዬ ቀልበስ አድርጋ ትነሳለች፣ የመጨረሻዋ ጅራቷን እንደ ድመት ጠቅለል ታደርጋለች። ዴልማር ዓይኑን ጨፍኖ ሊስላት ይችላል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ለምሳ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አንዲት የስታድለር ካርድ ፊቱ ቀረበች። የቤቱ ሕግ መርማሪው የባለቤቱን ስም እንዳያይ ነው፤ ቁጥር ብቻ። ዴልማር አያት፣ ናሙናውን አጠገቧ አደረገ፣ ሦስት መስመር ጻፈ። «የመጀመሪያው ፊደል አይገጥምም። ብዕሩ ሁለት ቦታ ላይ ቆሟል። እጁ ያመነታል፤ የኮረጀ ሰው እጅ ነው።» ከዚያ «እውነተኛ አይደለም» የሚለውን ተጭኖ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ለመሄድ ቸኩሎ አልነበረም። በተረጋጋ ልብ ነው የተሳሳተው፣ የከፋውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም፣ እኛ ካቶሊኮች ዓርብ ዓርብ ሥጋ ብቻ በምንተውበት፣ በሁለተኛው ዓርብ ዴልማር በቅዱስ ጆሳፋት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንደ ልማዳችን የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ ተሰልፎ ነበር። ዓሣውን የፈለገው ሰው ሊያድል ይችላል፤ ፒሮጊውን፣ ያንን ድንችና አይብ ሆዱ ውስጥ የያዘ ሊጥ፣ የምታድለው ግን ወይዘሮ ዶሎሬስ ቢኔክ ብቻ ናት። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራች፣ ባሏን የቀበረች፣ ጭልፋ ከያዘች ጳጳስ የማይደፍራት ሴትዮ ናት። ለአንድ ሰው ስድስት ፒሮጊ ነው የምትሰጠው፤ ለከንቲባውም ስድስት።

ዴልማር ፊቷ ሲደርስ ጭልፋውን አስቀመጠችና ከሽርጧ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«አንተ እዚያ ካርድ ቤት አይደል የምትሠራው?»

«አዎ ወይዘሮ ቢኔክ።»

«እስቲ ይቺን አንብብልኝ። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ግን መነጽሬ ዋሽቶኝ ቢሆን ብዬ ነው።»

የካርድ ቤቱ ደብዳቤ ነበር። ካርዷንም ከዚያው ኪስ ሳብ አድርጋ አሳየችው። ዴልማር ወዲያው አወቃት፤ ያቺ ብዕሩ ሁለት ቦታ የቆመባት።

«የወንድሜ የሪቺ ናት» አለች። «ደሙ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሁልጊዜ አጠገቡ የምሆነው እኔ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ልብሴን ልቀይር ቤት ደርሼ ስመለስ፣ ‘ዶሊ፣ ስታድለር መጥቶ ነበር፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብሎ ፈረመልኝ’ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። አሁን እንዳትበላሽ በዚያ ፕላስቲካችሁ ትታሸግልኝ ብዬ ብልካት ውሸት ናት ብላችሁ መለሳችሁልኝ።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው፣ «ዓሣው ቀዘቀዘ እኮ!» አለ።

«ዝም በል አንተ፣ ዓሣው ከሞተ ቆይቷል» አለችው ዶሎሬስ ዘወር ሳትል።

ዴልማር የዚያን ጊዜ፣ «የመረመርኳት እኔ ነኝ፣ አምጪልኝ እንደገና ልያት» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ዓይን አይሳሳትማ። እንዲያውም ደግ ልሁን ብሎ አፉን ከፈተ፤ ዴልማር ደግ ልሁን ባለ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይሰበራል።

«ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ ወይዘሮ ቢኔክ» አለ። «የታመመ ልጅ እህቱን ደስ ለማሰኘት ራሱ ይፈርማል። ክፋት የለውም።»

ዶሎሬስ ካርዷን አየቻት። «ሪቺ ዋሸኝ ማለት ነው?»

«ውሸት አይባልም። ጨዋታ ነው።»

ወረቀቱን በአራት አጥፋ ኪሷ ከተተች። «በሉ ይቅርታ፣ በማይረባ ነገር አደከምኳችሁ» አለችና ስድስት ፒሮጊ ሳህኑ ላይ ጣለች፤ አሰብ አደረገችና ሁለት ጨመረችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጾሙ ዓርብ ለዴልማር ስምንት ነው። ሰልፉ ሁሉ አየ፣ ሰልፉ ሁሉ አወራ። «ዓይን መበለቲቱ ልብ ውስጥ ገባ» ተባለ። ዴልማር ስምንቱንም በላ።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ዘንድሮ በጥር የስታድለር የእህቱ ልጅ አንድ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ለካርድ ቤቱ ላከ። ስታድለር ከሞተ ቆይቷል፤ እህቱ ቬርላ ደግሞ ባለፈው መከር ማረፏ ነው፣ ሳጥኑ የተገኘውም ከእሷ ቁም ሣጥን ነው። ውስጡ ስታድለር ለባንክ የፈረማቸው ስልሳ አንድ የቆዩ ቼኮች ነበሩ። በፊርማ ሥራ ከባንክ ቼክ የበለጠ ምስክር የለም፤ ማንም ሰው የራሱን የቤት ኪራይ በሌላ ሰው እጅ አይፈርምም። ዴልማር ጓንቱን አጥልቆ የመጀመሪያውን ቼክ ከናሙናው ጎን አስቀመጠ።

አልገጠመም።

ሁለተኛውን አየ። ሃያኛውን አየ። ስልሳ አንዱም ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል እንደ ዓሣ መንጠቆ የሾለች ናት፣ ዳክዬ የሚባል የለም። መጨረሻዋም ድመት ሳይሆን ደረቅ መስመር ነው። ከቼኮቹ ሥር ከቬርላ ለወንድሟ የተጻፈ ማስታወሻ ተገኘ፦ «ኦሪን፣ በዚህ ሳምንት መቶ አርባ ካርድ ፈርሜልሃለሁ። አንጓዬን እያመመኝ ነው። የልጆቹን ደብዳቤ ማንበብ ካልቻልክ ቢያንስ ስልክ ደውልልኝ። ለነገሩ ስምህን ከአንተ ይልቅ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።»

ዴልማር ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ የራሱን ካርድ፣ ያቺን ትራሱ ሥር የተኛባትን፣ ገልብጦ አስቀመጣት።

በዚህ ሥራ እንዲህ ያለውን «የጸሐፊ እጅ» ይሉታል፤ ተጫዋቹ ሲሰለቸው እናቱ፣ ሚስቱ፣ የቡድኑ ልብስ አጣቢ ይፈርሙለታል። ዴልማር የጸሐፊ እጅ ከሩቅ ይሸተኛል እያለ ለአዲስ ሠራተኞች ትምህርት ይሰጥ ነበር። የራሱ ናሙና የጸሐፊ እጅ ይሆናል ብሎ ለአንድ ቀን አልጠረጠረም። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የደረሰችውን ካርድ ማን ይጠረጥራል?

ቤቱ የመረመረውን ካርድ ሁሉ ፎቶ ያስቀራል። የዶሎሬስን ከኮምፒውተሩ አወጣ። መንጠቆዋ እዚያ ናት። ደረቋ መስመር እዚያ ናት። ብዕሩ የቆመባቸው ሁለት ቦታዎችም፤ አሁን ሲያያቸው ግን የኮረጀ ሰው ማመንታት አልነበሩም። ካርዷ የተቀመጠችበት ነገር ለስላሳ ነበር፣ ብዕሩ ሲጫናት ትሰምጣለች። ብርድ ልብስ ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አድርጎ ነው የፈረመላት። ልጁ እንዳለው።

ዴልማር ጓንቱን አውልቆ ወደ አለቃው ክፍል ሄደ።

ማርላ ድሬክስለር የቤቱ አለቃ ናት፤ በዕድሜ የዴልማርን ልጅ ታክላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፣ የመሥሪያ ቤቱን አበቦች በሙሉ ራሷ ናት የምታጠጣው። ውኃ ማጠጫውን እንደያዘች ሰማችው።

«ስንት ስታድለር አሳልፈናል?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ስንት ጥለናል?»

«ዘጠኝ። ከዘጠኙ ሰባቱ እውነተኛ ናቸው።»

ማርላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «የእህትየውን አጽድቀን የእሱን ጣልን እያልከኝ ነው ዴል?»

«ሁለቱ እንኳ በእርግጥ የአጭበርባሪ ናቸው» አለ፣ በሁለቱ አለመሳሳቱ ይመዝገብልኝ በሚል ድምፅ።

«እንኳን ደስ አለህ!» ውኃው አበባውን ትቶ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። «ስማ፣ ወረቀታችን ላይ ‘በእኛ አስተያየት’ ይላል። አስተያየት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ናሙናውን እንቀይር። ያለፈውን ደግሞ... ላስብበት። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

«እሺ» አለና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ቅልል አለው። አለቃው ዝም በል አለችው፤ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ቅልል ማለቱን ባወቀ ጊዜ ግን ራሱን ታዘበ።

ጾሙ ገባ። በመጀመሪያው ዓርብ ዴልማር ሰልፉ ላይ ቆሞ ንግግሩን እያነበነበ ዶሎሬስ ፊት ደረሰ፣ አፉን ሲከፍት የወጣው «ሎሚ አለ?» የሚል ነበር። ስምንት ፒሮጊ ይዞ ተመለሰ። በሁለተኛው ዓርብ፣ «ወይዘሮ ቢኔክ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር...» ሲል፣ «መጸዳጃ ቤቱ ተበላሽቷል፣ የቄሱን ተጠቀም» አለችው። ስምንት። በሦስተኛው ዓርብ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀረ፤ ጉንፋን አልያዘውም።

የቆረጠለት በአራተኛው ሳምንት ነው፣ ያውም ፀጉር አስተካካዩ ጋ። ስቴፋን የሚባለው ፀጉር አስተካካያችን እጁና ምላሱ እኩል ነው የሚሠሩት።

«መበለትህ እንዴት ናት?»

«መበለት የለኝም።»

«እሺ፣ የፒሮጊዋ። ታውቃለህ አይደል፣ ድሮ የየዓመቱ የቤዝቦል ጨዋታ በሚከፈትበት ቀን ሁሉ አዲስ ኳስ ይዛ ወንድሟ መቃብር ላይ ቁጭ ትል ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት! በዝናብም በበረዶም። አሁን አቆመች። አራት ዓመቷ። ለምን ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‘ተኳርፈናል’ አለችኝ። ከሙት ጋር! አንገትህን አታንቀሳቅስ እንጂ ዴልማር፣ ጆሮህን ልቆርጠው ነው።»

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ዴልማር የካርድ ቤቱ ጓዳ ገብቶ የናሙናውን ፕላስቲክ በፒንሳ ሰበረው። ካርዷን ከሸሚዙ ኪስ ከተተ፣ ከአንድ የስታድለር ቼክ ፎቶ ጋር። ምድር ቤት የደረሰው ሰው በልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ዶሎሬስ ፒሮጊ የምትዳምጥበትን ረጅሙን ጠረጴዛ ትወለውላለች።

«ዘገየህ። አልቋል።»

«ለምግብ አይደለም። ወይዘሮ ቢኔክ፣ ሪቺ አልዋሸም።»

ጨርቁ ቆመ። ዴልማር ሁሉንም ነገራት፤ ሳጥኑን፣ ቬርላን፣ ብርድ ልብሱን። ሁለቱን ፊርማዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

«የመረመርካት አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ያን ዕለት እዚህ ቆመህ፣ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«እኔ የጣልኳት መሆኗን አውቅ ነበር። መሳሳቴን አላወቅሁም።»

«እንደገና ልያት አላልክም።»

«አላልኩም።»

«አራት ዓመት!» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው፣ ውኃው ሱሪውን አራሰው። «አራት ዓመት ሙሉ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አኮረፍኩ! አፈር ውስጥ ያለ ልጅ! እኔ ደግሞ ጅሏ፣ በውሸት ዕቃ ሰውዬውን አስቸገርኩ ብዬ በየዓርቡ ሁለት እየጨመርኩ አበላሃለሁ!»

«አውቃለሁ።»

«ትበላቸው ነበር!»

«እበላቸው ነበር» አለ ዴልማር፣ አንገቱን ደፍቶ።

ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። «ካርዷ የት እንዳለች ታውቃለህ? ጎንበስ በል። በዚህ በኩል፣ የግራው እግር።»

ዴልማር በእርጥብ ጉልበቱ ተንበረከከ። ጠረጴዛው ሁልጊዜ ይወዛወዝ ነበር፤ ከአራት ዓመት ወዲህ አይወዛወዝም። ከእግሩ ሥር የካርቶን ጫፍ ይታያል። ጠረጴዛውን በትከሻው ቀና አድርጎ፣ ካርዷን በመሐረቡ ይዞ ሳባት። የጠረጴዛው እግር የስታድለርን ኮፍያ አጎድጉዶታል፣ ማዕዘኑ ላይ ዱቄት ተጋግሯል። ፊርማዋ ግን ከታች በኩል፣ ከነመንጠቆዋ፣ እንዳለች ናት።

«ደረጃዋ ስንት ነው?» አለች ዶሎሬስ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«አንድ።»

«ከስንት?»

«ከአሥር።»

«ሪቺም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነበር።»

ጠረጴዛው ሲለቀቅ ተወዛወዘ። ዴልማር የራሱን ካርድ አነሳት፤ ዳክዬዋን፣ ድመቷን ለመጨረሻ ጊዜ አየና አጥፎ ጠረጴዛው እግር ሥር ሸጎጣት። ዶሎሬስ አልከለከለችውም። ጠረጴዛውን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ሞከረችው፤ ጸጥ አለ።

ሰኞ ዕለት ለማርላ ትንፍሽ ማለቱን ነገራት። ማርላ ጮኸች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቀምጣ ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ለሰባቱም ባለቤቶች የሚላከውን ደብዳቤ አብራው ጻፈች። ካርድ ሰብሳቢዎቹ በኢንተርኔት ያሉትን እዚህ አልደግመውም፤ እኔን ወሬኛውን እንኳ ከበደኝ። አሁን ዓይን የሚለው የለም። ፖስታ መቀበያው ክፍል ተቀምጦ የሚመጣውን እየከፈተ ቁጥር ይለጥፋል።

ሐሙስ የዓመቱ ጨዋታ ሊከፈት ነው። ረቡዕ ስልኩ ጮኸ።

«መኪናህ ይሠራል?» አለች ዶሎሬስ። ሰላምታ የለም።

ሐሙስ የሪቺ መቃብር ጋ ሲደርሱ አዲሱን ኳስ ከቦርሳዋ አውጥታ ድንጋዩ ሥር አስቀመጠች፣ ካርዷንም በቀላል ላስቲክ ከታ አጠገቡ አቆመቻት። ማሸጊያውን እምቢ ብላ ነበር፤ ሪቺ እንዲነካት እፈልጋለሁ አለች። ዴልማር መኪናው አጠገብ ቀርቷል።

«እዚያ ምን ትገተራለህ? ለኔ ነግረኸኛል። ለሱ ንገረው።»

«ምን ልበለው?»

«የጻፍከውን አርም።»

ዴልማር ቀረበ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላ ቃል ስላልመጣለት እንደ ሥራው ተናገረ። «የመጀመሪያው ፊደል ይገጥማል። ብዕሩ ሁለት ቦታ የቆመው...»

«ጮክ በል። ግራ ጆሮው ደካማ ነበር።»

«ብዕሩ ሁለት ቦታ የቆመው ብርድ ልብሱ ለስላሳ ስለነበረ ነው!» ብሎ ዴልማር ጮኸ። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ማሽኑን አጠፋ፤ ይህን ወሬ ፓርማ ያዳረሰው እሱ ነው። «እጁ የኦሪን ስታድለር ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

ዶሎሬስ ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እሱም አልጠየቀም። ቤቷ እስኪያደርሳት ድረስ ያወሩት ስለ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ዴልማር ሰልፉ ላይ ቆመ። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሳህኑን ያያል። ዶሎሬስ ጭልፋዋን አነሳች፣ ስድስት ፒሮጊ ጣለችለት፣ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።